የጅማ የቤተሰብ ጠመቃ፦ ጠላው፣ ጠጁና ሁሉም የሚጠጣው ቀሪቦ

ለጅማ ሰው ቅርቡ ቢራ ፋብሪካ በደሌ ነው ያለው፣ በመኪና ወደ 140 ኪሎ ሜትር አካባቢ። እ.ኤ.አ. በ1993 ነው ሥራ የጀመረው፣ የመንግሥት ሆኖ ቆይቶ በ2011 ሃይኒከን ከሐረር ቢራ ጋር ገዛው። የሚገርመው ሃይኒከንም ሲጀመር የቤተሰብ ነገር ነው፣ በ1864 አንድ የ22 ዓመት ወጣት አምስተርዳም ውስጥ ጠመቃ ቤት ገዝቶ ጀመረው፣ እስከዛሬም ዘሮቹ ናቸው የሚቆጣጠሩት። እና የቤተሰብ ጠመቃ ሲባል ሰው እንደዛ ዓይነቱን ያስባል፣ ትልቅ ሕንፃ፣ የአያት ፎቶ ግድግዳ ላይ ምናምን። ጅማ ላይ ግን የቤተሰብ ጠመቃ ማለት ጓሮ ያለች ጭስ የጠገበች ማድቤት ናት፣ ባለቤቷም እናት ናት፣ ከሷ በኋላ ደሞ ልጇ ወይ ምራቷ።

በነገራችን ላይ አነጋገሩ ራሱ ይለያያል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ጠጅ ይጣላል፣ አረቄ ይወጣል። ጠጅ ጠመቅኩ ያለች ሴት እንግዳ መሆኗ ወዲያው ይታወቅባታል።

የጅማን መጠጥ ለመረዳት ትንሽ ታሪክ ያስፈልጋል። ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዷ ጅማ ነበረች፣ 19ኛው ክፍለ ዘመን ላይ እስልምና በአካባቢው ሲሰፋ እሷም የእስላም መንግሥት ሆነች፣ ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙ ሲሆን ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ጅሬን ኮረብታ ላይ አለ። ከሥር ያለው የሂርማታ ገበያ ደሞ ለደቡብ ምዕራቡ አገር በሙሉ ትልቁ ገበያ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ እንኳ በበጋ ጥሩ ቀን ሲሆን እስከ 30 ሺህ ሰው ይወጣበት እንደነበር ተጽፏል። ኦሮሞው ከጥንት ጀምሮ ፈርሶ የሚለው ጠላ፣ ዳዲ የሚለው ጠጅ ነበረው፣ በኋላ ብዙው ቤት ሲሰልም የሚያሰክረው ቀረ። ገበያውና ቡናው ደሞ አማራውን፣ ጉራጌውን፣ ዳውሮውን፣ ከፋውን፣ የሙን ሰበሰበው፣ እሱም የየራሱን ጋን ይዞ መጣ። ስለዚህ ዛሬ አንድ ግቢ ውስጥ ግድግዳ የሚጋሩ ሁለት ቤቶች አሉ እንበል፣ በአንደኛው ጌሾ ይወቀጣል በሌላኛው ጌሾ ደጃፍ አያልፍም፣ ተጣልተው ግን አይደለም።

ጠላው እንደ ሌላው አገር ነው፣ ብዙ አልቆይበትም። ገብሱ ውሃ ውስጥ አድሮ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ሦስት ቀን ገደማ ሲያቆጠቁጥ ብቅል ይሆናል፣ ይደርቃል ይፈጫል። ጌሾው ከውሃ ጋር ይጠነሰሳል፣ ከዛ ብቅሉ፣ ከዛ ከአሻሮ ዱቄት የተሠራው እንኩሮ ይገባና ድፍድፍ ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ ውሃ ተሞልቶ አፉ ይታሸጋል። የጅማው የሚለየው በቆሎ ስለሚበዛበት ነው፣ በቆሎ እዚህ እንደልብ ነው ገብስ ግን ከደጋ ይመጣል። መጀመሪያ የሚቀዳው ወፍራሙ ለእንግዳ፣ ውሃ ተጨምሮበት የሚወጣው ቅራሪ ለሠራተኛና ለቤት ልጅ፣ አተላው ለከብት። የሚጣል ነገር የለም።

ጋን ማጠብ ግን ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ሳሙና አይነካውም። የግራዋ ቅጠል ተጨማምቆ ጋኑ ውስጥ ይገባና በእጅ እየዞረ ይታሻል፣ ውሃው አረንጓዴ አረፋ ያወጣል፣ ሦስት አራት ጊዜ ይደፋል ይደገማል፣ ከዛ ጋኑ በአፉ ተደፍቶ የወይራ እንጨት ከሥሩ ይጨሳል። አማቴ እጇን አስገብታ የውስጡን ግድግዳ ትዳስሳለች፣ ታሸታለች፣ «ገና ነው» ትላለች። ለምን ገና እንደሆነ አትነግርም። እኔ ሁለት ዓመት ያህል «ገና ነው» ስባል ቆይቼ አንድ ቀን ዝም ብላ አለፈች፣ ያኔ ነው ሽታው የገባኝ፣ ያለፈው ጠላ ሽታ ፈጽሞ ጠፍቶ ጭሱ ብቻ ሲቀር ማለት ነው። ይሄንን በምን ወረቀት ላይ ትጽፈዋለህ።

ጠጁ ላይ ጅማ ዕድለኛ ናት፣ ምክንያቱ ማሩ ነው። ከከተማው ወደ ምዕራብ በለጠ-ጌራ የሚባል ደን አለ፣ ገበሬው ከቅርንጫፍ ወይ ከልጥ የሠራውን ሞላላ ቀፎ ትልቅ ዛፍ ላይ ወጥቶ ይሰቅላል፣ ማታ በጭስ ቆርጦ ያወርዳል። ማሩ እንደ አበባው ነው። ጌተም የሚባለው ዛፍ ሲያብብ የሚመጣው ማር ነጭ ነው፣ ቶሎ ይረጋል፣ የግራዋው ደሞ ጠቆር ያለ ትንሽ መረር የሚል ነው። ጠጅ የሚጥሉ ሴቶች ነጩን ለመብል አስቀምጠው ለጠጅ ሰፈፍ ያለበትን ያልተጣራውን ይመርጣሉ፣ ነጭ ማር ለጠጅ ማድረግ ብክነት ነው ይላሉ፣ ትክክል ናቸው ብዬ አስባለሁ። አንድ እጅ ማር ከሦስት እስከ አምስት እጅ ውሃ፣ ጉልበቱ እንደሚፈለገው። ተበጥብጦ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ ሰፈፉ ይገፈፋል፣ ከብጥብጡ ተቀንሶ ጌሾ እንጨቱ ይቀቀልበትና ተመልሶ ይገባል፣ ከዛ መጠበቅ ነው፣ ሙቀት ካለ ሳምንት አይሞላም ብርድ ከሆነ ሁለት ሳምንትና ከዛም በላይ። የዛሬው ችግር ስኳር ነው። ማር ተብሎ የሚሸጠው ስኳር የበዛበት፣ ጠጅ ተብሎ የሚቀዳው ደሞ ስኳርና ቀለም። እኔ ራሴ ገበያ ላይ ከማላውቀው ሰው አንድ ባልዲ ማር ገዝቼ በጥብጬው ሰፈፍ የሚባል ነገር ጠብታ እንኳ አልወጣበትም፣ ያኔ ማር ሳይሆን ሽሮፕ እንደገዛሁ ገባኝ።

ጌሾ ያልገባበት፣ ማርና ውሃ ብቻ ተበጥብጦ የሚጠጣው ብርዝ ነው። ሲያድር ትንሽ ሞቅ ይላል ስለዚህ በእስላም ቤት የዕለቱን ለዕለቱ ነው የሚበጠብጡት። ብርዝ ግን ማር ይፈልጋል፣ ማር ደሞ ውድ ነው፣ እዚህ ጋ ነው ቀሪቦ የሚገባው።

ቀሪቦ ለኔ የጅማ ዋናው መጠጥ ነው። ሌላ ቦታም አለ፣ እንደ ጅማ ግን በየቤቱ ሲጣል አላየሁም። የሚሠራው ከገብስ ነው። ገብሱ ብረት ምጣድ ላይ ይቆላል፣ የአሻሮ ዓይነት ቡናማ ሲሆን አይወጣም፣ ወደ ጥቁር እስኪጠጋ ይቆያል፣ ከውጪ የሚያልፍ ሰው ቡና እየተቆላ ይመስለዋል፣ ጅማ ላይ ደሞ ቡና የሚቆላ መምሰል ምንም አያስደንቅም። ከዛ የፈላ ውሃ ውስጥ ይጨመርና 15፣ 20 ደቂቃ ይፈላል፣ ውሃው ጥቁር ቡናማ ይሆናል፣ በንጹህ ጨርቅ ይጠለላል። ከዚህ በኋላ ያለው ነው ዋናው፣ እስኪበርድ መጠበቅ አለበት። በጣት ሲነካ ለብ ካለ ገና ነው፣ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ስኳርና የዳቦ እርሾ ይገባል፣ እርሾ ከሌለ ከትናንቱ ቀሪቦ ትንሽ ይደረግበታል። አንድ ሌሊት ያድራል፣ ጠዋት አረፋ ይዞ ይገኛል፣ ሊጠጣ ሲል እንደገና ስኳር ይጨመርበታል። ጣዕሙ እንደተቆላ ዳቦ ቅርፊት ነው፣ ጣፋጭ፣ ከኋላው ትንሽ የሚያቃጥል፣ አፍንጫ ላይ የሚወጣ ጋዝ አለው። አንድ ሌሊት ያደረው አያሰክርም፣ ሦስት ቀን ከተረሳ ግን ይኮመጥጣል፣ ያኔ አዋቂዋ ሴት ትደፋዋለች እንጂ ለሰው አትሰጥም፣ በተለይ ለእስላም ጎረቤት።

ሰርግ ላይ ይሄ በደንብ ይታያል። ድንኳኑ አንድ ነው፣ ሥጋው ግን ሁለት ነው፣ የእስላም ለብቻ ታርዶ ለብቻ ይሠራል፣ ድስቱም ጭልፋውም ለየብቻ። ጠላና ጠጁ በአንድ ጎን ነው። ቀሪቦው ግን በርሜል ሙሉ መሃል ይቀመጣል፣ ሼሁም ቄሱም ከዛው ይቀዳላቸዋል። ለክርስቲያን ሰርግ ቀሪቦ የሚጥሉት ብዙ ጊዜ እስላም ጎረቤቶች ናቸው፣ ከዋዜማው ጀምሮ መጥተው ያድራሉ፣ እንግዳው ሳይጠራጠር እንዲጠጣ ነው። ይሄን ማንም ሕግ ብሎ አላወጀውም፣ ግን ይከበራል።

ብዙ ሴቶች ልጅ ያስተማሩት በዚህ ነው፣ በጀሪካን እየሞሉ ለሰርግ ቤት፣ ለለቅሶ ቤት፣ በረመዳን ደሞ ማታ ለማፍጠሪያ ይሸጣሉ። ስኳር ሲጠፋ ወይ ሲወደድ ሥራው ይቆማል፣ ስኳር የቀነሰ ቀሪቦ ደሞ ማንም አይገዛም፣ ጥቁር ውሃ ነው። ጀሪካኑም ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ካደረ ይነፋል። እኛ ቤት አንዴ ተሳስቼ አጥብቄ ዘግቼው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክዳኑ ተስፈንጥሮ ጣራውን መታ፣ ሌባ መጣ ብለን ግቢው በሙሉ ወጣን፣ አማቴ ብቻ ከአልጋዋ ሳትነሳ «ክዳኑን ላላ አድርጊው አላልኩሽም?» አለች። ጠዋት ግማሹ ወለሉ ላይ ነበር፣ የቀረውን ለመውሰድ የመጣው የጎረቤት ልጅ ባዶ ጀሪካኑን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል፣ የተቆላው ገብስ ደሞ ምጣዱ ላይ እንደገና እየጨሰ ነው።