ዘንዶው ዝናብ ያመጣል፦ በቻይና ተረትና ጨዋታ ቤት ውስጥ ስለመማር የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ማታ ማታ ለልጆቼ የቻይና ተረት እነግራቸዋለሁ። ቅዳሜ ደግሞ ከተረቱ የወጣ ጨዋታ እንጫወታለን። ሒሳቡ፣ ሳይንሱ፣ ጂኦግራፊው እዚያው ውስጥ አለ። ይህን ለሌሎች ወላጆች ስነግራቸው ደጋግሜ የምሰማቸው ነገሮች አሉ። አንድ በአንድ ልመልስ።

«ጨዋታ ሌላ፣ ትምህርት ሌላ»

በቻይና ተረት የሰማዩ ገዥ የጄድ ንጉሠ ነገሥት እንስሳትን «ወንዝ ተሻግራችሁ ኑ» ይላቸዋል። በደረሱበት ተራ ዓመታት በስማቸው ይሰየማሉ። አይጥ በሬን «እዘለኝ» ብላ ለመነችው። ዳር ሊደርሱ ሲሉ ከጀርባው ዘልላ ቀደመችው። ከበሬው ቀጥሎ ነብር፣ ጥንቸል፣ ዘንዶ፣ እባብ፣ ፈረስ፣ ፍየል፣ ጦጣ፣ ዶሮና ውሻ ገቡ። አሳማ መጨረሻ ሆነ።

ልጅ ይህን ሲሰማ «እኔስ የቱ ነኝ?» ይላል። እንግዲህ የፈረንጆቹን ዓመት ለ12 ያካፍል። 4 ከቀረው አይጥ ነው፣ 5 ከቀረው በሬ፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። 11 ላይ ፍየል ይሆናል፤ ምንም ካልቀረ ጦጣ። 2024 ለ12 ሲካፈል 8 ይቀራል፤ ዘንዶ ነው።

እኛም የዚህ ዘመድ አለን። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለ4 ማካፈል ነው። 1 ከቀረ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። 2017 ላይ 5500 ሲደመር 7517 ነው፤ ለ4 ተካፍሎ 1 ይቀራል፤ ማቴዎስ። ልጆቼ ሁለቱን ጎን ለጎን ካሰሉ በኋላ ቀሪ ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

«በ2024 የተወለደ ሁሉ ዘንዶ ነው»

አይደለም። የቻይና አዲስ ዓመት የጨረቃን ዑደት ስለሚከተል ቀኑ ይለዋወጣል፤ በጃንዋሪ መጨረሻ ወይም በፌብሩዋሪ ይውላል። በ2024 የዋለው ፌብሩዋሪ 10 ነበር። ከዚያ በፊት በጃንዋሪ የተወለደ ልጅ ጥንቸል ነው። መስከረም ላይ ዓመት ለሚቀይር ልጅ ይህ አይከብደውም።

«ዘንዶ ክፉ ነው፤ ለልጅ አይነገርም»

ይህ የሚመጣው ከራሳችን ታሪክ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን በጦር ሲወጋው በየቤቱ ግድግዳ ላይ አለ። ሰውን ያስገብር የነበረው ንጉሡ አርዌም እባብ ነው። በዚያ ላይ አማርኛው «ዘንዶ» ትልቅ እባብ ማለት ነው። ቻይናውያን ሎንግ የሚሉት ዘንዶ ግን ቀንድና አራት እግር አለው። እሳት አይተፋም። የዝናብ፣ የወንዝና የባሕር ጌታ ነው። ዝናብ ሲጠፋ ገበሬው ይለምነዋል። በሩጫው እንኳ መብረር እየቻለ 5ኛ የወጣው መንገድ ላይ ቆሞ ለሰዎች ዝናብ ሲያዘንብ ስለቆየ ነው ይባላል።

እኔ ልጆቹን ሁለቱንም ዘንዶዎች አሥላቸዋለሁ። ከዚያ ካርታ እንዘረጋለን። በሰሜን ቻይና የሚፈሰው ቢጫው ወንዝ ስሙን ያገኘው ከሚሸከመው ደለል ነው። ደለሉ ወለሉ ላይ ሲከማች ወንዙ ከፍ ይልና ከግድቡ ያልፋል። በታሪክ ብዙ መንደር ጠርጓል። ክረምት ላይ አባይ ለምን ቡናማ እንደሚሆን የሚያውቅ ልጅ ይህ ወዲያው ይገባዋል። ዝናብ ቢቀር ድርቅ፣ ቢበዛ ጎርፍ። ገበሬ ዘንዶውን የሚወደውም የሚፈራውም ለምን እንደሆነ ልጄ ራሷ ነገረችኝ።

«ታንግራም የ4000 ዓመት ጥበብ ነው»

በጣም የተሠራጨ ስሕተት ነው። ታንግራም ከአንድ ካሬ በተቆረጡ ሰባት ቁራጮች ቅርጽ የሚሠራበት የቻይና ጨዋታ ነው። የ4000 ዓመቱን ወሬ በ1903 የፈጠረው ሳም ሎይድ የተባለ አሜሪካዊ የእንቆቅልሽ ደራሲ ነው። ስለ ጨዋታው የሚታወቀው የመጀመሪያ የቻይና መጽሐፍ የታተመው በ1813 ነው። ለትልልቅ ልጆች ይህ ራሱ ትምህርት ነው፤ የተጻፈ ሁሉ እውነት አይደለም።

ለመጫወት ካርቶንና መቀስ ይበቃል። ሁለቱ ትልልቅ ጎነ ሦስቶች እያንዳንዳቸው የጠቅላላው ሩብ ናቸው። መካከለኛው ጎነ ሦስት፣ ካሬውና ፓራሌሎግራሙ እያንዳንዳቸው አንድ ስምንተኛ፣ ሁለቱ ትንንሾች ደግሞ እያንዳንዳቸው አንድ አሥራ ስድስተኛ። ክፍልፋይ በእጅ ሲነካ እንዲህ ነው።

«ባዕድ አምልኮ ማስተማር ነው»

ሥጋቱ ይገባኛል፤ አላናንቀውም። እኔ «ቻይናውያን እንዲህ ይተርካሉ» ብዬ እጀምራለሁ፤ ልጆቼም ተረት መሆኑን ያውቃሉ። ጨረቃ ላይ የምትኖረውን ቻንግ ኧንና ጥንቸሏን ከነገርኳቸው በኋላ ወደ ሳይንሱ እንሻገራለን። ቻይና የጨረቃ መንኮራኩሮቿን በእርሷ ስም ሰይማለች። ቻንግ ኧ 4 የተባለችው መንኮራኩር ጃንዋሪ 3 ቀን 2019 ከምድር በማይታየው የጨረቃ ጀርባ ላይ አረፈች፤ ከዚያ በፊት ማንም አላረፈበትም። ይዛው የሄደችው ተሽከርካሪም ስሙ የጥንቸሏ ነው፣ ዩቱ 2። «ጀርባዋን ለምን አናየውም?» ሲሉ አንዱ ልጅ ምድር፣ ሌላው ጨረቃ ሆኖ ፊቱን ወደ እርሱ እንዳዞረ ይዞረዋል። ማየት ነው።

«ከእያንዳንዱ ተረት ትምህርት መውጣት አለበት»

ይኼኛው የእኛ የወላጆች ጥድፊያ ነው። ተረት በነገርን ቁጥር ጥያቄ ካስከተልን ልጁ ተረቱን ራሱን ይሸሻል። አያቶቻችን «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» ብለን ተቀበልን እንጂ ፈተና አልተቀመጥንም።

የላም ጠባቂውና የሸማኔዋን ተረት ስነግራቸው ምንም አልጠየቅኋቸውም። ሁለቱ ይዋደዳሉ፤ የሰማይ ወንዝ ለያያቸው። በዓመት አንድ ሌሊት፣ በሰባተኛው ወር በሰባተኛው ቀን፣ ወፎች ድልድይ ሠርተው ያገናኟቸዋል። በማግስቱ ማታ ልጄ በረንዳ ላይ ቆማ «የትኞቹ ናቸው?» አለች። ቬጋ የተባለችው ኮከብ ሸማኔዋ፣ አልታይር የተባለው ኮከብ ላም ጠባቂው። አሳየኋት። መብራት አጥፍተን ብዙ ቆየን።