ስለ ፊልም ተማሪዎችና ምሩቃን ስኬት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ ኮሌጅ የፊልም ተማሪዎቹና ምሩቃኑ ያገኙትን ሽልማት፣ የገቡበትን ፌስቲቫል፣ የሰሩበትን ፊልም ምናምን ዘርዝሮ ሲያወጣ ሰዉ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ "በቃ ነገ ሆሊውድ ናቸው" ይላል፣ ግማሹ ደሞ "ባካችሁ ታራንቲኖ መች ተማረ" ብሎ ያልፋል። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም ዝርዝሩን በቅጡ አላነበቡትም። ቶሎ ቶሎ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳቸው (አመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)።

"ትልልቆቹ ዳይሬክተሮች አልተማሩም፣ ስለዚ ፊልም መማር ገንዘብ ማባከን ነው"

ታራንቲኖ አልተማረም፣ ልክ ነው፣ ቪዲዮ ማከራያ ቤት እየሰራ ያገኘውን ፊልም ሁሉ እያየ ነው የወጣው። ስፒልበርግም ሁሌ ይጠራል፣ ሎስ አንጀለስ ያለው ዩኤስሲ የሚባል ዩኒቨርሲቲ አልተቀበለውም፣ የገባበትንም ሌላ ኮሌጅ አቋርጦ ሄደ። ይሄን የሚያወሩ ሰዎች ግን መጨረሻውን ይዘሉታል። ሰውየው በ2002 ተመልሶ ዲግሪውን ጨርሷል፣ ለፊልም ኮርሱ የሚጠየቀውን ስራም ሺንድለርስ ሊስትን አስገብቶ ነው ያሟላው (አራሚው ምን ኮሜንት እንደጻፈበት ባውቅ ደስ ይለኛል)።

ስም በስም መመለስ ይቻላል፣ ኮፖላ ተምሯል፣ ስኮርሴዚ ተምሯል፣ ሉካስ፣ ስፓይክ ሊ፣ ጄን ካምፒየን፣ ክሎይ ዣኦ ተምረዋል እያሉ መቀጠል። ግን በዛ ክርክር ማንም አያሸንፍም። ካሜራ አያያዝ አሁን ስልክህ ላይ ቪዲዮ እያየህ መማር ትችላለህ፣ ትምህርት ቤት የሚሰጥህና ሌላ ቦታ በቀላሉ የማታገኘው ነገር አብረውህ የሚሰሩ ሰዎች ናቸው።

ሙንላይትን ውሰዱ። በ2017 የምርጥ ፊልም ኦስካር የወሰደው ማለት ነው። ዳይሬክተሩ ባሪ ጄንኪንስ ፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው ፊልም የተማረው። ሲኒማቶግራፈሩ (ፊልሙን የቀረጸው) ጄምስ ላክስተን እዛው አብሮት የተማረ፣ የተማሪነት ሾርት ፊልሙን የቀረጸለት ልጅ ነው። ፕሮዲውሰሯ አዴል ሮማንስኪ ከዛው ናት፣ ሁለቱ ኤዲተሮች ናት ሳንደርስና ጆይ ማክሚለንም ከዛው። ማክሚለን በዚ ስራ ለኤዲቲንግ ኦስካር የታጨች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። እንግዲህ አስቡት፣ አንዱ ካምፓስ ውስጥ ኬብል ሲጠቀልሉና ሳንድዊች ሲካፈሉ የነበሩ ልጆች ናቸው ከአስር አመት በላይ ቆይተው ያንን ፊልም የሰሩት። የብላክ ፓንተር ዳይሬክተር ራያን ኩግለርም ዩኤስሲ ሲማር ለሾርት ፊልሙ ሙዚቃ የሰራለት ስዊድናዊ ተማሪ ሉድቪግ ጎራንሰን ነበር፣ በኋላ የብላክ ፓንተርን ሙዚቃ ሰርቶ በ2019 ኦስካር የወሰደው እሱው ነው። ክሎይ ዣኦና ኖማድላንድን የቀረጸላት ጆሹዋ ጄምስ ሪቻርድስም የተዋወቁት ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እያሉ ነው። ስለዚ "ብቻዬንም እሆናለሁ" የሚል ሰው ሊሆን ይችላል፣ ግን ሌሊት ስምንት ሰአት ላይ ያለ ክፍያ መብራት የሚይዝለትን ሰው ከየት እንደሚያመጣ አስቀድሞ ያስብበት።

"ዳይሬክተር ካልሆነ አልተሳካለትም"

ይሄኛው ነው በጣም የሚያናድደኝ። ዝርዝሩ ላይ "አሲስታንት ካሜራ" ወይ "ሳውንድ" የሚል ሲያዩ ሰዎች ያዝናሉ፣ አራት አመት ተምሮ ለዚህ ነው ይላሉ።

ከአሲስታንት ካሜራዎቹ አንዱ፣ ፎከስ ፑለር የሚባለው ሰው የሚሰራውን ልንገራችሁ። አክተሩ ከበሩ ተነስቶ ወደ ጠረጴዛው ይራመዳል፣ ካሜራውም ይከተለዋል፣ ሌንሱ በደንብ ስለተከፈተ ጥርት ብሎ የሚታየው ርቀት ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ይሄ ሰውዬ እያንዳንዷን እርምጃ በአይኑ እየለካ የሌንሱን ቀለበት ያዞራል፣ አክተሩ በልምምዱ ላይ ካደረገው ግማሽ እርምጃ ቀደም ብሎ ቢቆም እንኳ ወዲያው መከተል አለበት። ካመለጠው አክተሯ የህይወቷን ምርጥ ለቅሶ ብታለቅስም ቀረጻው ይጣላል። ካላመለጠው ደሞ ማንም ተመልካች እንደዚህ አይነት ሰው እንዳለ ራሱ አያውቅም። ይሄን ስራ ትልቅ ፊልም ላይ የሚሰራ ምሩቅ ቀላል ሰው አይደለም፣ ብዙ ጊዜም ፊልሙን እየዞረ ገንዘብ ከሚለምነው ዳይሬክተር ጓደኛው የተሻለ ገቢ አለው።

ደሞ ሽልማት ብቻ ነው የምናየው ካላችሁም፣ ቴልማ ስኩንሜከር የስኮርሴዚ ኤዲተር ናት፣ ሶስት ኦስካር አላት። ዋልተር መርች ዩኤስሲ የተማረ የሳውንድና የኤዲቲንግ ሰው ነው፣ ዘ ኢንግሊሽ ፔሸንት ላይ በአንድ ሌሊት በሁለቱም ዘርፍ ኦስካር ወስዷል። ሬቸል ሞሪሰን ከአሜሪካን ፊልም ኢንስቲትዩት የወጣች ናት፣ በ2018 ለሲኒማቶግራፊ ኦስካር የታጨች የመጀመሪያዋ ሴት። አንዳቸውም በዳይሬክተርነት አይደለም እዛ የደረሱት።

"የተማሪ ፊልም ልምምድ ነው፣ ከክፍል አይወጣም"

አብዛኛው አዎ ልምምድ ነው፣ ምንም ነውር የለውም፣ ለዛም ነው የሚሰራው። ግን ሁሉም አይደለም።

ቻርልስ በርኔት ዩሲኤልኤ (ሎስ አንጀለስ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ሲማር ለመመረቂያው የሰራው ኪለር ኦፍ ሺፕ አለ። በሳምንት መጨረሻ መጨረሻ እየተቀረጸ፣ በጥቁርና ነጭ 16 ሚሊሜትር ፊልም፣ አብዛኞቹ አክተሮች ፕሮፌሽናል ያልሆኑ የሰፈር ሰዎች፣ ወጪው ከ10,000 ዶላር ያነሰ። ይሄ የተማሪ ስራ በ1990 በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻህፍት ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ገብቷል፣ ማለትም ለትውልድ ይጠበቁ ከተባሉት ፊልሞች አንዱ ነው።

እዛው ዩሲኤልኤ በዛው ዘመን የኛው ሀይሌ ገሪማ ነበር። ቡሽ ማማ የመመረቂያ ፊልሙ ነው፣ ካሜራ ከያዙለት አንዱ ደሞ ማን መሰላችሁ፣ ያው ቻርልስ በርኔት! (ከላይ ስለ ጓደኛ ያልኩትን ያዙልኝ።) ምርት ሶስት ሺህ ዓመትን በ1976 አወጣ፣ ከብዙ አመት በኋላ ጤዛ በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደሞ ዋጋዱጉ ፌስፓኮ በሚባለው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ዋናውን ሽልማት ወሰደ። ዝርዝር ላይ የማይገባው ክፍል ደሞ አለ፣ ሀይሌ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለአስርት አመታት ሲያስተምር ከእጁ ከወጡት አንዱ ብራድፎርድ ያንግ ነው፣ አራይቫልን የቀረጸው፣ ለሲኒማቶግራፊ ኦስካር በመታጨት የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ። ይሄ በማን ስኬት ላይ ይጻፍ?

ጄን ካምፒየንም አውስትራሊያ ተማሪ እያለች በ1982 የሰራችው ፒል የሚል አጭር ፊልም በ1986 ፈረንሳይ በሚካሄደው የካን ፌስቲቫል ላይ የአጭር ፊልም ፓልም ዶር (ዋናውን ሽልማት) አገኘ። አራት አመት ቆይቶ ማለት ነው፣ ይቺን አራት አመት ለቀጣዩ ነጥብ እፈልጋታለሁ።

"አንዴ ከተሸለመ መንገዱ ተከፈተ"

አንግ ሊ ከኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ የመመረቂያ ፊልሙ በትምህርት ቤቱ ፌስቲቫል ተሸልሞለት፣ ኤጀንት ሁሉ አግኝቶ ነበር። ከዛ ምን ሆነ? ስድስት አመት ያህል ቤት ተቀመጠ። ስክሪፕት ይጽፋል፣ ይዞ ይዞራል፣ አይሆንም ይባላል፣ ቤት ገብቶ ምግብ ያበስላል ልጅ ይጠብቃል፣ የቤቱን ወጪ የምትችለው ሚስቱ ነበረች። የመጀመሪያ ፊቸሩ (ሙሉ ርዝመት ያለው ፊልሙ) የወጣው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፣ ያውም ታይዋን ውስጥ የስክሪፕት ውድድር ስላሸነፈ። በኋላ ሁለት ጊዜ የምርጥ ዳይሬክተር ኦስካር ወሰደ። በ1988 ላይ ሆኖ የዩኒቨርሲቲውን የምሩቃን ዝርዝር ያየ ሰው ግን እሱን "የትም ያልደረሰ" ብሎ ነበር የሚመድበው።

ጄንኪንስም እንደዛው ነው፣ የመጀመሪያ ፊቸሩን በ2008 አውጥቶ ተወዶለት፣ እስከ ሙንላይት ስምንት አመት ነው የቆየው፣ በመሀል አናጺነት ሁሉ ሰርቷል። እና አንድ ልጅ ተመርቆ በሁለት አመቱ ስሙ ካልተሰማ አለቀለት ማለት አይደለም፣ የተሸለመም ልጅ በማግስቱ ስልኩ ካልጠራ መደንገጥ የለበትም።

"ካን ተመርጧል፣ ኦስካር አሸንፏል"

እዚ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ ውሸት ሳይሆን ግማሽ እውነት የሚበዛበት ቦታ ነው። ፖስተር ላይ የምታዩዋት፣ ፌስቲቫል ገባ ማለቷ የሆነች የቅጠል አክሊል ሁሉ እኩል አይደለችም።

ካን ለፊልም ተማሪዎች ብቻ የሚሆን ውድድር አለው፣ አሁን ላ ሲኔፍ ይባላል፣ ከ1998 ጀምሮ ያለ ነው፣ ከአለም ዙሪያ ከሺ በላይ ፊልም ይላክለትና የሚመርጠው ሃያ ገደማ ነው። እዛ መግባት ትልቅ ነገር ነው። በሌላ በኩል ደሞ ለብዙ አመት ሾርት ፊልም ኮርነር የሚባል የገበያ ክፍል ነበረው፣ ከፍለህ ትመዘገባለህ፣ ፊልምህ ገዢዎች የሚያዩት ላይብረሪ ውስጥ ይገባል። ለመተዋወቅ ጥሩ ነው፣ ግን "ካን ተመረጥኩ" አያስብልም። እነዚህን ሁለቱን ደሞ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ምሩቁ ያሬድ ዘለቀ በ2015 ላምብን ይዞ ከገባበት ጋር አታምታቱት፣ እሱ አንሰርተን ሪጋርድ በሚባለው የይፋዊው ምርጫ የፊቸር ፊልሞች ክፍል ውስጥ ነው፣ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው።

የተማሪዎች ኦስካርም እንደዚሁ። ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ ራሱ የሚሰጠው ነው፣ ስፓይክ ሊም ጆን ላሴተርም ተማሪ ሆነው አግኝተውታል፣ ሜዳሊያ ያገኘ ፊልም ለዋናው ኦስካር አጭር ፊልም ዘርፍ ለመወዳደር ብቁ ይሆናል። ብቁ ይሆናል ማለት ግን ታጨ ማለት አይደለም፣ ታጨ ማለትም አሸነፈ አይደለም። "ኦስካር ለመወዳደር ብቁ" የሚለውን "የኦስካር እጩ" እያደረገ የሚጽፍ ካያችሁ አርሙት በእናታችሁ።

ከዚ ውጪ በየወሩ የሚካሄዱ፣ ኦንላይን ብቻ ያሉ፣ ለከፈለ ሁሉ አክሊል የሚያድሉ ፌስቲቫሎች ሞልተዋል። መለያው ቀላል ነው፣ ፊልሙ የት አዳራሽ መቼ ታየ ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለ ነገሩ ገባችሁ ማለት ነው።

"ጥሩ ካሜራ ስላላቸው ነው"

አይደለም። ሾን ቤከር፣ እሱም የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ልጅ፣ በ2015 የወጣውን ታንጀሪንን በአይፎን 5ኤስ ነው የቀረጸው። ተመልካች ደብዘዝ ያለ ምስል ይቅር ይላል፣ የማይሰማ ንግግር ግን ይቅር አይልም፣ የተማሪ ፊልም በብዛት የሚወድቀው ድምጹ ላይ ነው።

"ፊልሙን ከሰራ የራሱ ነው፣ የፈለገው ቦታ ያሳየዋል"

ኪለር ኦፍ ሺፕን ተመለሱበት። ያ ሁሉ ክብር ያለው ፊልም ሲኒማ ቤት በወጉ የተለቀቀው በ2007 ነው፣ ከተሰራ ከሰላሳ አመት ገደማ በኋላ። ምክንያቱ ሙዚቃ። በርኔት ተማሪ ሆኖ የወደደውን ዘፈን ሁሉ አስገብቶበት ነበር፣ ለክፍል ማሳያ ማን ይጠይቃል፣ ለህዝብ ሲለቀቅ ግን የእያንዳንዱ ዘፈን መብት መከፈል ነበረበትና የሙዚቃው ፈቃድ ብቻ 150,000 ዶላር ያህል ፈጀ፣ ፊልሙ ራሱ ከበላው ከአስር እጥፍ በላይ ማለት ነው። ስለዚ አንድ ጥሩ የተማሪ ፊልም "ለምን ፌስቲቫል ላይ አልታየም" ስትሉ አንዳንዴ መልሱ የጥራት ሳይሆን የአንድ ዘፈን ጉዳይ ነው። በዛ ላይ አንዳንድ ትምህርት ቤት በነሱ እቃ የተሰራውን ፊልም ኮፒራይት ለራሱ ይይዛል፣ ስትመዘገቡ የምትፈርሙትን ወረቀት አንብቡት።

"ዝርዝሩ ላይ ያሉትን ሁሉ ያፈራቸው ትምህርት ቤቱ ነው"

ቅድም ያነሳኋት ቴልማ ስኩንሜከር ኮርኔል ፖለቲካል ሳይንስ ነው የተማረችው፣ ስኮርሴዚን ያገኘችው ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ሳምንት የክረምት ኮርስ ስትወስድ ነው። ኮርሱ ህይወቷን ቀይሮታል፣ ግን ሙሉ ፕሮግራም ከጨረሰ ሰው ጋር አንድ መስመር ላይ ማስቀመጥ ሌላ ነገር ነው። ትምህርት ቤቶች አቋርጦ የወጣውንም አንድ ሴሚስተር የቆየውንም ሲታወቅ የኛ ነው ይላሉ፣ ያልታወቀውን አያነሱም፣ ማስታወቂያ ስለሆነ አልፈርድባቸውም።

ለመመዝገብ የምታስቡ ከሆነ የታዋቂዎቹን ስም ተዉትና ባለፉት አምስት አመታት የተመረቁት አሁን ምን እየሰሩ እንደሆነ ጠይቁ፣ ዜና ክፍል፣ ማስታወቂያ፣ ዶክመንተሪ፣ ማስተማር፣ ሁሉም ይቆጠር። ከዛ የአንድ ባች የመመረቂያ ፊልሞችን በሙሉ እንዲያሳዩዋችሁ ለምኑ፣ የተሸለሙትን ሁለቱን ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ድምጹ በሁሉም ላይ ጥርት ብሎ ከተሰማ እዛ ቤት አስተማሪ አለ።