ጥበብና አካባቢ ጥበቃ፦ ከመድረኩ ጀርባ ያለው ሥራ

ጥበብ ለአካባቢ ጥበቃ ምን ያደርጋል ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን መልእክት ነው። ስለ ደን የተዘፈነ ዘፈን፣ ስለ ፕላስቲክ የተሠራ ተውኔት፣ ከአሮጌ ጣሳ የተቀረጸ ሐውልት። መልእክት ክፋት የለውም። ግን ዘርፉ ራሱም መብራት ይበላል፣ ጣውላ ይቆርጣል፣ ዕቃ በአውሮፕላን ያመላልሳል፣ በሺዎች የሚቆጠር ተመልካች ይጠራል። በእኔ እይታ የራሱን ጓዳ ያላስተካከለ ተቋም ስለ አየር ንብረት ቢሰብክ ሰሚ አያገኝም።

ሙዚየምን እንይ። ብዙ ጊዜ ኃይል የሚጨርሰው አየሩን መቆጣጠሩ ነው። ሥዕል የተሣለበት እንጨትና ሸራ እርጥበት ሲበዛበት ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ይህ ሲደጋገም ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ ይላጣል። በዚህ ስጋት ብዙ ሙዚየሞች ለአሥርተ ዓመታት የአዳራሻቸውን ሙቀት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ፣ አንጻራዊ እርጥበቱን ደግሞ 50 በመቶ አካባቢ ይዘው ቆይተዋል። ክረምት ከበጋ፣ ቀን ከሌሊት ማሽኑ አያርፍም።

የትልልቅ ሙዚየሞችን ኃላፊዎች የሚያሰባስበው ቢዞ ግሩፕ ይህን ጥብቅ ልክ አላላው። ለአብዛኞቹ ዕቃዎች ሙቀቱ ከ16 እስከ 25 ዲግሪ፣ እርጥበቱም ከ40 እስከ 60 በመቶ ቢሆን ይበቃል፤ ዋናው ለውጡ ድንገተኛ አለመሆኑ ነው አለ። ቶሎ የሚጎዱት በታሸገ የመስታወት ሣጥን ለብቻቸው ይቀመጣሉ። ጎብኚው ልዩነቱን ልብ አይልም። ቆጣሪው ላይ ግን ይታያል።

ቴአትር ቤት ያለው ራስ ምታት ደግሞ ዲኮር ነው። ለአንድ ተውኔት የተሠራ ደረጃ፣ በርና ግድግዳ ትርኢቱ ሲያበቃ ብዙ ጊዜ ተሰባብሮ ይጣላል። ማስቀመጫ ቦታ የለም። በሚስማርና በሙጫ ስለተገጠመም ሳይሰበር አይፈታም። ስለዚህ መፍትሔው ከዲዛይነሩ ጠረጴዛ ይጀምራል፦ በሙጫ ፈንታ ብሎን፣ በአዲስ ጣውላ ፈንታ ከሌላ ተውኔት የተረፈ። በብሪታንያ የቴአትር ባለሙያዎች ከእ.ኤ.አ. 2021 ጀምሮ ቴአትር ግሪን ቡክ የተባለ የጋራ መመሪያ አውጥተዋል። በመነሻ ደረጃው ከዲኮሩ ቁሳቁስ ግማሹ ከዚህ በፊት ያገለገለ እንዲሆን ይጠይቃል።

መብራቱስ? የድሮው ባለ ክር አምፖል የሚወስደውን ኃይል አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ሙቀቱን ለማስወጣት ደግሞ ማቀዝቀዣ ይከፈታል። ኤልኢዲ የተባለው አዲሱ አምፖል ሁለቱንም ወጪ ይቀንሳል። የመብራት ባለሙያዎች ግን የድሮው አምፖል ሲደበዝዝ የሚሰጠው ሞቅ ያለ ቀለም አልተተካም ብለው ያጉረመርማሉ። እውነታቸውን ነው።

ኮንሰርት ላይ ነገሩ ይከብዳል። ትልቁ ብክለት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከመድረኩ ሳይሆን ከተመልካቹ ጉዞ ነው። ብሪታንያዊው የሙዚቃ ቡድን ኮልድፕሌይ እ.ኤ.አ. በ2019 ኮንሰርቱ በአካባቢ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ሳናስተካክል አንዞርም ብሎ የዓለም ጉዞውን አቆመ። በ2022 ሲመለስ ተመልካቹ ሲጨፍርበት ኃይል የሚያመነጭ ወለል ይዞ መጣ። ደስ ይላል፣ ፎቶም ያምራል። እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ግን ሌላው የሙዚቃ ቡድን ማሲቭ አታክ በ2024 በእንግሊዟ ብሪስቶል ከተማ ያደረገው ነው። መድረኩ በባትሪ ሠራ፤ ምግቡ ከዕፅዋት ብቻ ነበር። ከሁሉም በላይ ቲኬቱን ቀድመው እንዲገዙ ዕድል ያገኙት በአቅራቢያው የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ፤ ተመልካቹ የሚመለስበት ተጨማሪ ባቡርም ተዘጋጀ። ባቡር ማዘጋጀት ለፎቶ አይመችም፤ ችግሩን ግን ከሥሩ ይነካል።

ወደ መልእክቱ ስንመለስ፣ ሰውን ማስፈራራት ብቻውን ብዙ አያስኬድም። ሰው ይደነግጣል፣ ከዚያ ይለምደዋል። እጅ የሚያስነካ ሥራ ይሻላል። ጀርመናዊው የጥበብ ሰው ዮሴፍ ቦይስ እ.ኤ.አ. በ1982 በጀርመኗ ካስል ከተማ ውስጥ 7,000 የባዝልት ድንጋዮችን ክምር አድርጎ አስቀመጠ። አንድ ዛፍ ሲተከል አንድ ድንጋይ ከክምሩ ተነስቶ አጠገቡ ይቆማል። ክምሩ ካላለቀ ሥራው አላለቀም። የከተማው ሰው በየቀኑ ስንት እንደቀረ በዓይኑ ያይ ነበር። ቦይስ በ1986 ሞተ፤ የመጨረሻው ዛፍ የተተከለው በ1987 ነው። ዛፎቹ ዛሬም ከተማዋን ያጠላሉ፣ ድንጋዮቹም ከሥራቸው አሉ።

ሌላው የጥበብ ሰው ኦላፉር ኤሊያሰን ደግሞ ከግሪንላንድ የመጣ በረዶ በከተማ አደባባይ እንዲቀልጥ አደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ፓሪስ ላይ የአየር ንብረት ጉባኤው ሲካሄድ ጭምር። በረዶ በመርከብ ጭኖ ስለ በረዶ መቅለጥ መናገር ምን ይሉታል ያሉ አልጠፉም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የጉዞው የካርበን መጠን ተሰልቶ ለሕዝብ ይፋ መደረጉ ግን ለሥራው ክብር ይጨምራል። ስሌቱን የሠራው እ.ኤ.አ. በ2007 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው፣ የጥበብ ተቋማትን በአካባቢ ጥበቃ የሚያግዘው ጁሊስ ባይሲክል የተባለ ድርጅት ነው።

ይህ ሁሉ በበጎ ፈቃድ ብቻ አይሄድም። በእንግሊዝ ለጥበብ የመንግሥት ገንዘብ የሚያከፋፍለው አርትስ ካውንስል ኢንግላንድ እ.ኤ.አ. በ2012 በቋሚነት ገንዘብ የሚሰጣቸው ተቋማት የኃይልና የውኃ ፍጆታቸውን እንዲያሳውቁ ግዴታ አደረገ። ድርጅቶቹ ቆጣሪያቸውን ማንበብ የጀመሩት ገንዘቡ ከዚያ ጋር ስለተሳሰረ ነው ማለት ማጋነን አይሆንም።

የስፖንሰር ጉዳይ ደግሞ ገና አልበረደም። ከዓመታት ተቃውሞ በኋላ የብሪታንያው የሥዕል ሙዚየም ቴት ከነዳጅ ኩባንያው ቢፒ ጋር የነበረው ውል እ.ኤ.አ. በ2017 አበቃ። የቴአትር ድርጅቱ ሮያል ሼክስፒር ካምፓኒም በ2019 ከቢፒ ተለየ። ብሪቲሽ ሙዚየም ግን በ2023 ከዚሁ ኩባንያ ጋር ለ10 ዓመት የሚቆይ የ50 ሚሊዮን ፓውንድ ውል አስታወቀ። ያረጀ ሕንፃ ለማደስ ገንዘብ ከየት ይምጣ የሚሉት ወገኖች ባዶ ጥያቄ አላነሱም። መንግሥትም ሆነ ሌላ ለጋሽ መልስ እስኪሰጣቸው ድረስ ሌሎች ሙዚየሞችም ተመሳሳይ ውል መፈረማቸው አይቀርም።