በአዳማ ዙሪያ የመዥገርና የመዥገር ወለድ በሽታዎች ጥናት

በአዳማና በምሥራቅ ሸዋ ቆላማ ወረዳዎች የመዥገር ጥናት ከከብት ንግድ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም። ከተማዋ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለምትገኝ፣ ከቦረና የተገዙ ወይፈኖች ለውጭ ገበያ ከመላካቸው በፊት የሚቀለቡባቸው ማድለቢያዎች በዙሪያዋ ይገኛሉ። ከብቶቹ በጭነት መኪና ሲመጡ መዥገሮቻቸውም አብረው ስለሚጫኑ፣ ተመራማሪው በአንድ በረት ውስጥ የሁለት አካባቢ መዥገር ሊያገኝ ይችላል።

መዥገር የሸረሪትና የጊንጥ ዘመድ ነው፤ ከእንቁላል ሲወጣ ስድስት እግር ይኖረዋል፤ ካደገ በኋላ ስምንት ይሆናሉ። ናሙና የሚሰበሰበው ከብቱ ተይዞ ጆሮው፣ ብብቱ፣ ጡቱና የጭራው ሥር በጣት እየተዳበሰ ነው። አፉ ተሰብሮ እንዳይቀር መዥገሩ ከቆዳው ጋር በተጣበቀበት ቦታ በወረንጦ ይያዝና ቀስ ተብሎ ይነቀላል፤ ከዚያም 70 በመቶ አልኮል ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ተከትቶ ቀኑ፣ ቦታውና የተነቀለበት የሰውነት ክፍል ይጻፍበታል። ይህ የመጨረሻው መረጃ እንደ ዋዛ መታለፍ የለበትም፤ ሪፒሴፋለስ ኤቨርትሲ የተባለው የመዥገር ዝርያ የጭራ ሥርን፣ አምብሊዮማ ቫሪየጋተም ደግሞ ጡትንና የታችኛውን የሰውነት ክፍል ስለሚያዘወትሩ፣ ከጆሮ ብቻ የሚለቅም ጥናት ገና ከጅምሩ የተዛባ ነው። በአጉሊ መነጽር ሲታይ አምብሊዮማ በረጅም አፉና ባጌጠ ጀርባው ይታወቃል፤ የሪፒሴፋለስ ዲኮሎራተስ አፍ አጭር ነው፤ በቦረና በብዛት የሚገኘው ሪፒሴፋለስ ፑልቼለስ ደግሞ እንደ ሜዳ አህያ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ነው።

ዝርያውን መለየት ለመከላከል ሥራም ወሳኝ ነው። ዲኮሎራተስ ከእጭነት እስከ ጉልምስና ሦስት ሳምንት ያህል በአንድ ከብት ላይ ስለሚቆይ በመርጨት በቀላሉ ይደረስበታል። ቫሪየጋተም ግን በየዕድገት ደረጃው ወደ መሬት እየወረደ ሦስት እንስሳት ላይ ይመገባል፤ ጠግባ የወረደች አንዲት እናት እስከ 20,000 እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ዝርያው ሳይታወቅ፣ መጠኑም ሳይለካ የሚረጭ ዲያዚኖን የተባለ የመዥገር መግደያ፣ መዥገሩ መድኃኒቱን እንዲላመድ መንገድ ይከፍታል።

በከብቶች ላይ ከሚታዩት በሽታዎች አናፕላዝሞሲስና ባቤሲዮሲስ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያጠቃሉ፤ በአምብሊዮማ የሚተላለፈው ካውድሪዮሲስ ደግሞ በልብ ዙሪያ ውሃ ያቋጥራል። የቦረና ዝርያ በአንጻራዊነት ይቋቋማቸዋል፤ በአዳማ ዙሪያ ለወተት የሚረቡት የሆልስታይን ድቅል ላሞች ግን በቀላሉ ይጎዳሉ። መዥገር የነከሰው ቆዳ ጠባሳ ስለሚይዝ ጉዳቱ እስከ ሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ይዘልቃል።

የኢትዮጵያ መዥገሮች በዓለም የሳይንስ መዝገብ ውስጥ የገቡት በሰው በሽታ በኩልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ ፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠሩ የነበሩት ተመራማሪ ሪስ-ጉትፍሮይንድ፣ በቅማል የሚተላለፈውን የተስቦ ተሕዋስ በቤት እንስሳትና በመዥገሮቻቸው ውስጥ ማግኘታቸውን አሳወቁ። ነገሩ እውነት ቢሆን ኖሮ ቅማልን ማጥፋት ብቻውን ተስቦን አይገታም ነበርና ጉዳዩ በጥብቅ መጣራት ነበረበት። በአሜሪካ ሞንታና ግዛት በሚገኘው የሮኪ ማውንቴን ላቦራቶሪ የሚሠሩት የስዊዘርላንድ ተወላጅ ቪሊ ቡርግዶርፈር ከባልደረቦቻቸው ጋር የኢትዮጵያን መዥገሮች መርምረው ውጤቱን በ1973 አሳተሙ። ያገኙት የተስቦውን ተሕዋስ ሳይሆን ሌላ ሪኬትሲያ (የተስቦው ተሕዋስም ያለበት የባክቴሪያ ወገን) ነበር፤ ይህም ከጊዜ በኋላ፣ በ1996፣ ሪኬትሲያ አፍሪኬ የሚል ስም ተሰጠው። በ2009 ሙሉ ጂኖሙ (የዘር መረጃው) የታተመው ኢኤስኤፍ-5 የተባለው የዚሁ ባክቴሪያ ናሙና በ1966 ኢትዮጵያ ውስጥ ከአምብሊዮማ ቫሪየጋተም የተገኘ ነው።

ቡርግዶርፈር በ1970 ያስተዋወቁት ዘዴ ቀላልነቱ ያስደንቃል። የመዥገሩ እግር ጫፍ ይቆረጥና የምትወጣው የፈሳሽ ጠብታ በመስታወት ላይ ተቀብታ፣ ቀለም ተነክራ በማይክሮስኮፕ ትታያለች፤ መዥገሩ ሳይሞት ተሕዋሱን መያዝ አለመያዙ ይታወቃል። እኚሁ ሰው ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ የላይም በሽታን ተሕዋስ አግኝተው በስማቸው ተጠርቷል፤ የላይም አስተላላፊዎች ግን በአዳማ በረቶች ከሚለቀሙት የተለዩ የአይክሶደስ ወገን መዥገሮች ናቸው።

ለአዳማ ይበልጥ ቅርብ የሆነው ጉዳይ ሪኬትሲያ አፍሪኬ ነው። በሰው ላይ የሚያመጣው በሽታ በትኩሳት፣ በራስ ምታት፣ በንፍፊት እብጠትና መዥገሩ በነከሰበት ቦታ ጥቁር ቅርፊት ባለው ቁስል ይታወቃል። በብዙ የአገራችን ጤና ተቋማት ለተስቦ የሚታዘዘው የዌይል ፌሊክስ ምርመራ በቅማል የሚተላለፈውን ተስቦ ከመዥገር ወለዱ ትኩሳት በአስተማማኝ ሁኔታ አይለይም። ዶክሲሳይክሊን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሁለቱንም ስለሚያድን ሕመምተኛው ይሻለዋል፤ በካርዱ ላይ የሚቀረው ግን ተስቦ የሚለው ቃል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የማድለቢያ ሠራተኛ፣ እረኛ ወይም የቄራ ሰው ትኩሳት ይዞት ሲመጣ እግሩን፣ ብብቱንና ወገቡን ገልጦ ጥቁር ቅርፊቱን መፈለግና ያዩትን በካርዱ ላይ መጻፍ፣ ምንም መሣሪያ ሳይጠይቅ ለጥናቱ ትልቅ መረጃ ይሰጣል።