«ገባኝ» ያለ ሁሉ ገብቶት አይደለም፦ ስለ ታራሚዎች ንባብና ቋንቋ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

አንድ የአዘዞ ጎረቤቴ ታስረው ቆይተው ወጡ። ስልሳን የተሻገሩ አርሶ አደር ናቸው። እንኳን ለቤትዎ አበቃዎት ልል ስሄድ ከኮታቸው ኪስ አንድ ወረቀት አወጡ። በፌስታል ተጠቅልሏል። አራት ቦታ ታጥፎ እጥፋቱ ላይ ተበስቷል። «ልጄ፣ እስቲ ይቺን አንብብልኝ» አሉኝ። የክስ ቻርጃቸው ነበር።

«እዚያ እያሉ ለምን አላስነበቡም?» አልኳቸው።

«ለማን? ነገሬን ሰው ሁሉ ሊሰማው?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ስለ ታራሚዎች ንባብና ቋንቋ የሚለውን ልብ ብዬ እሰማለሁ። አብዛኛው ስህተት ነው። አንዳንዱን እኔም አምነው ነበር።

«በአማርኛ አፉን የፈታ ጎንደሬ፣ እንዴት አማርኛ ይቸግረዋል?»

ይቸግረዋል። የፍርድ ቤት አማርኛ የገበያና የማሳ አማርኛ አይደለም። ተከሳሽ መጀመሪያ ከሚጠየቃቸው ነገሮች አንዱ «የእምነት ክህደት ቃል» ይባላል። ሕግ የሚያውቅ ሰው «ድርጊቱን ፈጽሜያለሁ ወይም አልፈጸምኩም የሚል መልስ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ቃሉን ግን በገጠር ሰው ጆሮ ስሙት። እምነት ማለት ሃይማኖት ነው። ክህደት ማለት ደግሞ ሃይማኖትን መተው፣ ወዳጅን መክዳት ነው። «ከሃዲ» በሰፈሩ ከባድ ስድብ ነው። ታዲያ «ትክዳለህ ወይ?» ሲባል ምን ይበል? «እኔ ከሃዲ አይደለሁም» ቢል ምን ብሎ ሊጻፍ ነው?

«ተከላከል» የሚለውም እንደዚሁ ነው። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ተሰምቶ ፍርድ ቤቱ መልስ ያስፈልገዋል ሲል የሚሰጠው ብይን ነው። ገና አልተፈረደም። ብዙ ሰው ግን «አለቀልኝ» ብሎ ይወጣል።

«አመክሮ»ም አለ። በሕጉ፣ ጠባዩ መልካም የሆነ ታራሚ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ሲጨርስ ሊፈታ የሚችልበት መንገድ ነው። ገዳም ለሚያውቅ የጎንደር ሰው ግን አመክሮ መነኩሴ ከመሆን በፊት ያለው የፈተና ጊዜ ነው። ቃሉ አንድ፣ ዓለሙ ሁለት።

«ዳዊት ደግሟል፤ ማንበብማ ይችላል»

ጎንደር የአቋቋም፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማና ሽብሸባ ትምህርት፣ አገር ናት። የቆሎ ተማሪ ሆኖ ያለፈ ሽማግሌ አይታጣም። ፊደል ቆጥሮ፣ ግዕዝ ንባቡን፣ ውርድ ንባቡን፣ ቁም ንባቡን አልፎ ዳዊት የደገመ ሰው ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ግን ያ ንባብ በግዕዝ ነው፤ በዜማና በቃል ይዞ የሚሄድ ነው። የዳዊቱን ገጽ እንደ ውኃ የሚያወርድ ሰው አዲስ የአማርኛ ደብዳቤ ሲሰጡት ሊንተባተብ ይችላል። ጽሕፈት ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር፤ ዳዊት የደገመ ሁሉ ብዕር አልያዘም። እንዲህ ያለውን ሰው «የተማረ» ብሎ መዝግቦ ወረቀት ሰጥቶ መሸኘት ክፉኛ ይጎዳዋል። እሱም ማንበብ አቃተኝ ለማለት ያፍራል፤ ክብሩ አለበትና።

«ማንበብ ያቃተው ጭንቅላት ስለሌለው ነው»

አይደለም። አብዛኛው ትምህርት ቤት አልደረሰም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ገብቶ የተቸገረም አለ። ፊደልን ከድምፁ ጋር ማገናኘት የሚያታግለው ሰው አእምሮው ከማንም አያንስም። ዓይንም አለ። ከአርባ በኋላ የቅርብ ዕይታ ይደክማል፤ አማራ ክልል ደግሞ ትራኮማ ክፉኛ ከሚያጠቃቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው። ለአንዳንዱ መድኃኒቱ መነጽር ብቻ ነው።

«አጭር የሚመልስ፣ ዝም የሚል፣ የሚደብቀው ነገር ስላለ ነው»

ይህኛው በጣም ያሳስበኛል። ከልጅነት ጀምሮ ቋንቋ የሚከብዳቸው ሰዎች አሉ። መስማት ይሰማሉ፤ ረጅም ዓረፍተ ነገር ግን መሀል ላይ ያመልጣቸዋል። የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራ መናገር ያቅታቸዋል። በአሜሪካና በእንግሊዝ የተደረጉ ጥናቶች ከ100 ሕፃናት 7 ያህሉ እንዲህ ያለ ችግር እንዳለባቸው አሳይተዋል። በእንግሊዝና በአውስትራሊያ በሕግ ጥላ ሥር ባሉ ወጣቶች ላይ ሲጠና ግን ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የቋንቋ ችግር ተገኝቶባቸዋል። በጭንቅላት ላይ ያረፈ ዱላም ቃል ሊያሳጣ ይችላል።

እንዲህ ያለ ሰው ሲጠየቅ ትከሻውን ይሰብቃል። «እንጃ» ይላል። ዛሬ ያለውን ነገ ያዛንፈዋል። መርማሪው ዋሸ ይላል፤ ዳኛው አይጸጸትም ይላል። የጎደለው ግን ቃል ነው።

«አስተርጓሚ ለውጭ ዜጋ ነው»

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት እንዲህ አይልም። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ አንቀጽ 20 ደግሞ ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ ከሆነ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ዜግነት አይጠይቅም። ከቋራና ከመተማ በኩል ጉሙዝኛ ወይም ዐረብኛ ተናጋሪ ይመጣል፤ ትግርኛ ተናጋሪ አለ፤ መስማት የተሳነው አለ።

«በስተርጅና ፊደል አይገባም»

በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስንቱ እናትና አባት ፊደል እንደቆጠረ ቤታችሁን ጠይቁ። ብዙዎቹ የረሱት ስላረጁ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የሚያነቡት ስላጡ ነው። በብራዚልና በፖርቱጋል የተደረገ ጥናትም አዋቂ ሆኖ ንባብ የተማረ ሰው አእምሮ ለንባብ እንደሚደራጅ አሳይቷል። በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሻሻሉት የማንዴላ ደንቦችም፣ ማለትም የተባበሩት መንግሥታት የእስረኞች አያያዝ ደንቦች፣ ማንበብ ለማይችሉ ታራሚዎች ትምህርት ግዴታ ይሁን ይላሉ። ማንበብ ለማይችለው ታራሚም የማረሚያ ቤቱ ሕግና መብቱ በቃል ይነገረው ይላሉ።

«ገባህ ወይ ስለው አዎ ብሏል»

እኛ አገር «አልገባኝም» ማለት ቀላል አይደለም። ትልቅ ሰው ፊት፣ ባለሥልጣን ፊት «እሺ» ነው መልሱ። ስለዚህ ጥያቄው «ገባህ?» መሆን የለበትም። «እስቲ የነገርኩህን በራስህ አባባል ንገረኝ» ነው መባል ያለበት።

ይህን የተማርኩት ከጎረቤቴ ነው። ቻርጁን አንብቤ ጨርሼ «ገባዎት?» አልኳቸው። «ገብቶኛል ልጄ።» ምን እንደሚል እንዲነግሩኝ ስጠይቃቸው የተናገሩት ቀኑን ብቻ ነው። እንደገና፣ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እየቆረስኩ፣ «ተከሳሽ» ያለውን «እርስዎ» እያልኩ አነበብኩላቸው። ጠቡ የተነሳበት ማሳ ጋ ስደርስ እጄን ያዙኝ።

«ቆይ ቆይ። ይሄ እኮ ከወንዙ ማዶ ያለው ነው። የኔ ማሳ ወዲህ ነው።»

ወረቀቱን ተቀብለው በአራት አጠፉት። ፌስታሉ ውስጥ መልሰው ከተቱት። ቡናው እስኪፈላ ድረስ አንድም ቃል አልተናገሩም።