የሰዓታችሁ «3 ሜትር» ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ሰው ስለሮጠው የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «አዘጋጆቹ መንገዱን አልለኩትም። የእኔ የጂፒኤስ ሰዓት 10.25 ኪሎ ሜትር ነው ያለው። ሰዓቴ ቢስት ቢስት 3 ሜትር ነው። 250 ሜትሩን ከየት አመጡት?» ከስሩ ያለው ሁሉ ደግሞ «ልክ ነህ፣ እኔም 10.22 ብሎኛል» እያለ ይደርብለታል።

ቀያሽ ነኝ። ባሕር ዳር ውስጥ መሬት ስለካ ነው የኖርኩት፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሐይቁ ዳር እሮጣለሁ። ይቺን «3 ሜትር» በየቡና ጠረጴዛው ስሰማት ችዬ ከረምኩ። ዛሬ ግን በቃኝ።

ቁጥሯ የምትናገረው ስለ አንድ ነጥብ ነው። ሰዓቱ ከሳተላይት ሰምቶ «አሁን እዚህ ጋ ነህ» ሲላችሁ፣ እውነተኛው ቦታችሁ ከዚያ ነጥብ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል። ስለ ሮጣችሁት ርቀት አንዲት ቃል አትተነፍስም። ሰዓቱ ሜትር ዘርግቶ አይደለም የሚከተላችሁ። በየሰከንዱ ነጥብ ይጥላል፣ ነጥቦቹን በክር ያያይዛል፣ የክሩን ርዝመት ይነግራችኋል። ነጥቦቹ ትንሽ ግራ ትንሽ ቀኝ ከዋለሉ ክሩ ይጠማዘዛል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ የተጠማዘዘ ክር ሁልጊዜ ይረዝማል እንጂ አያጥርም። የግራው ስህተት ከቀኙ ጋር ተቻችሎ አይጠፋም ማለት ነው።

እስቲ እንቁጠረው። በሰከንድ 3 ሜትር ትሮጣላችሁ እንበል። 10 ኪሎው 3,333 ሰከንድ ይፈጃል። ነጥቡ በየሰከንዱ ካለፈው ነጥብ 70 ሳንቲ ሜትር ብቻ ወደ ጎን ቢዘል፣ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ፣ የ3 ሜትሯ መንገድ 3.08 ትሆናለች። 8 ሳንቲ ሜትር! ማን ይቆጥራታል? ሰዓቱ ይቆጥራታል፤ 3,333 ጊዜ። ድምሩ ወደ 270 ሜትር ነው። ይኸው ወንድሜ፣ 250ህ ተገኘች።

ባልደረቦቼ ሳይጮሁብኝ ልጨምር። እውነተኛው ስህተት እንዲህ በየሰከንዱ አይገለባበጥም። ነጥቦቹ ብዙ ጊዜ ተያይዘው ወደ አንድ ጎን ይንሸራተታሉ። ሰዓቱም ክሩን ያለሰልሰዋል። አንዳንዱ ጭራሽ ፍጥነታችሁን ከሳተላይቱ ሞገድ የድግግሞሽ ለውጥ (ዶፕለር ይሉታል) ያወጣል። ሂሳቤ ነገሩን ለማሳየት ነው፤ የእናንተ ሰዓት እንዲህ ነው አላልኩም። በእግር ለሚሄድ ግን ይብሳል። በሰከንድ 1.4 ሜትር ለሚራመድ ሰው ያቺው 70 ሳንቲ ሜትር 12 በመቶ ገደማ ታስረዝማለች። ጥምዝ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ክሩ ጥጉን ቆርጦ ያልፍና ርቀቱ ያጥራል።

ደግሞስ 3 ሜትር ስንል በስንት መቶኛ? ከ100 ነጥብ በ3 ሜትር ውስጥ የሚወድቀው 50ው ነው? 95ቱ? እኛ መሥሪያ ቤት ይህን ሳይናገር ቁጥር የሚጠራ ሰው ሪፖርቱ ይመለስበታል። የሰዓት ካርቶን ላይ ሲሆን ግን የሚጠይቅ የለም።

ነጥቡ ለምን ይዋልላል? ጣና ላይ አስቡት። ንጋት ነው፣ ጉም ወርዷል፣ አንድ ባለ ታንኳ መሃል ሐይቅ ላይ ነው። ዳሩ አይታየውም። የክብራን ገብርኤል፣ የደብረ ማርያም፣ የኡራ ኪዳነ ምሕረት ደወል በቁርጥ ሰዓት ይደወላል እንበል፤ ባለ ታንኳውም ሰዓቱን ያውቃል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል። የክብራንን ደወል 5 ሰከንድ ዘግይቶ ከሰማ፣ ከክብራን 1,700 ሜትር ርቋል። ከሌሎቹም እንዲሁ ያሰላል። ርቀቶቹ ሁሉ የሚገጥሙባት አንዲት ቦታ አለች፤ እዚያ ነው ያለው። ጂፒኤስ ይኸው ነው። ደወሎቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያሉ ሳተላይቶች ናቸው፤ ድምፁ ደግሞ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የሬዲዮ ሞገድ።

ልብ በሉ፣ ደዋዩ ባለ ታንኳውን አያውቀውም። ሳተላይቱም እናንተን አያውቃችሁም። ሰዓቱ ይሰማል እንጂ አይናገርም። የሚከታተላችሁ ካለ፣ ሩጫችሁን የምትጭኑበት መተግበሪያ ነው። ኔት በጠፋ ጊዜ «ጂፒኤሱ ይሰራ ይሆን?» ብለው የጠየቁኝም አሉ። ይሰራል። ኔት የሚጠቅመው ሳተላይቶቹ የት የት እንዳሉ ቀድሞ ለማቀበል ነው። ከሌለ ሰዓቱ ከሰማይ ያወርደዋል፤ ሜዳ ላይ ቆማችሁ ትንሽ ደቂቃ ታገሱት።

የባለ ታንኳው ሰዓት በአንድ ሰከንድ ከተዛነፈ 340 ሜትር ይስታል። የእናንተ ሰዓት በአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ከተዛነፈ 300 ሜትር። ሦስት ሳተላይት የማይበቃው ለዚህ ነው፤ አራተኛው የእጃችሁን ሰዓት ለማረም ነው። ደወሎቹ ሁሉ በዘጌ በኩል ቢሆኑስ? ከአንድ ወገን ብቻ የሚሰማ ሰው ቦታው ይዋዥቅበታል። ድምፁ የገደል ማሚቶ ሆኖ ቢመጣስ? ዞሮ ስለመጣ ይዘገያል፣ ባለ ታንኳውም የራቀ ይመስለዋል። ከተማ ውስጥ ገደሉ የሕንፃ መስታወት ነው። ዋርካ ስርም ደወሉ ይደክማል፤ ክረምት ላይ ቅጠሉ ሲርስ ይብሳል። ጉሙ ራሱ ድምፁን ቢያዘገየው ደግሞ... ምሳሌዬ እዚህ ላይ መንገዳገድ ጀመረ፤ ግን ልግፋው። ከላያችን አዮኖስፌር የሚባል ንብርብር አለ፤ ሞገዱን ያዘገያል። እኛ ያለነው ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ ነው፤ በዚህ በኩል ከጀምበር ግባት በኋላ ይታወካል። የማታ ሯጮች፣ ይህን ያዙልኝ።

ወደ ውድድሩ ልመለስ። በደንቡ የተለካ የጎዳና ሩጫ በጂፒኤስ አይለካም። በብስክሌት ነው። ቆጣሪው መጀመሪያ ርዝመቱ በታወቀ መስመር ላይ ይፈተናል። ከዚያ ጥምዙ ላይ ከጠርዙ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ርቆ፣ አጭሩን መስመር እየተከተለ ይለካል። መንገዱ አጥሮ እንዳይገኝ በየኪሎ ሜትሩ 1 ሜትር ይጨመራል። ስለዚህ 10 ኪሎው መሬት ላይ 10,010 ሜትር ነው፤ ማራቶኑም 42 ሜትር ይተርፈዋል። እናንተ ደግሞ ውሃ ልትቀበሉ ዳር ወጥታችኋል፣ ሰው ለመቅደም ዞራችኋል። አጭሩን መስመር የሮጠ ማን አለ?

«እና የትኛውን ልግዛ?» በመጀመሪያ ጂፒኤስ ያለውን። አትሳቁ። ካርቶኑ ላይ ጂፒኤስ ተብሎ የተጻፈበት፣ ውስጡ ግን መቀበያ የሌለው፣ ከስልክ ተበድሮ የሚኖር ሰዓት ሞልቷል። ሻጩም ዓይኑን በጨው አጥቦ «አለው» ይላችኋል። ብሉቱዙን አጥፉና ስልኩን ሱቅ ውስጥ ትታችሁ ውጭ ትንሽ ዞር ዞር በሉ። የሄዳችሁበት መስመር ካልተሳለ መልሱለት። ባትሪው «14 ቀን» ከተባለ ጂፒኤስ ጠፍቶ ነው፤ በርቶ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ጠይቁ። መብራት ለሚጠፋበት ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። በየሰከንዱ መመዝገብ የሚችል ይሁን። ላብና ዝናብ ላይ ከስክሪን ይልቅ ቁልፍ ያለው ይሻላል። ኤል1 እና ኤል5 የሚባሉትን ሁለቱንም ሞገዶች የሚሰማው ሰዓት ማሚቶን በመለየት ጎበዝ ነው፣ ግን ውድ ነው። ሐይቁ ዳር ሰማዩ ክፍት ነው፤ እኔ ብሆን ገንዘቤን ጫማ ላይ አውለዋለሁ።

ከፍታን በተመለከተ፣ ጣና ዳር ሮጦ «140 ሜትር ዳገት ወጣሁ» ያለኝ ሰው አለ። ትልቁ ውሃ ልክ አጠገቡ ተዘርግቶለት! በጂፒኤስ ከፍታ ከቦታ የባሰ ይሳሳታል፤ ደወሉ ሁሉ ከላይ ነው፣ ከእግራችን ስር የሚደውል የለም። የቤዛዊትን ኮረብታ እየወጣችሁ የምትለማመዱ ከሆነ የአየር ግፊት መለኪያ ያለውን ፈልጉ። የሰዓቱን ነጥብ ከአሮጌ ካርታ ጋር የምታመሳክሩ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ አሮጌዎቹ ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በሚባል የቦታ መለኪያ ሥርዓት ነው፣ ሰዓቱ ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባል ሌላ ሥርዓት ነው፣ ልዩነቱ 200 ሜትር ያህል ይደርሳል። ማንም አልጠየቀኝም፤ አውቃለሁ።

ለዚያ ጸሐፊ አንድ የቤት ሥራ አለኝ። ሐይቁ ዳር ካሉት ካፌዎች አንዱ ጋ ተቀመጥ። ስትቆም በራሱ የሚያቆመውን ነገር አጥፋና ሰዓቱን ሩጫ አስጀምረህ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው። ማኪያቶ እዘዝ። ጠጥተህ ስትጨርስ ስንት ሜትር እንደሄደ አንብብ። የእኔ ባለፈው እሑድ 60 ሜትር ሄዷል፤ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ።