ኤንዲቪአይ ምንድን ነው?

በመስከረም ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ ሽቅብ የተጓዘ ሰው አገሩ ተራቁቷል ቢሉት አያምንም። ጤፉም፣ ገብሱም፣ መስኩም አረንጓዴ ነው። በየካቲት ቢመለስ ግን ያው ተዳፋት አመድ መስሎ ይጠብቀዋል። ሳተላይትም እንዲሁ መንገደኛ ነው፤ የሚያየው ባለፈበት ቀን ያገኘውን ነው።

ኤንዲቪአይ (በእንግሊዝኛ ምህጻሩ NDVI) ይህ መንገደኛ ያየውን ልምላሜ በቁጥር የሚገልጽ ስሌት ነው። ጤነኛ ቅጠል ከፀሐይ ብርሃን ቀዩን ምግቡን ለማዘጋጀት ይውጠዋል፤ ዓይናችን የማያየውን ታህተ ቀይ ጨረር ግን በብዛት መልሶ ያንጸባርቀዋል። የሁለቱ ልዩነት ለድምራቸው ይካፈላል። እንበልና አንድ ቅጠል ከታህተ ቀዩ 45 በመቶ፣ ከቀዩ 5 በመቶ ቢያንጸባርቅ፣ 40 ለ50 ተካፍሎ 0.8 ይመጣል። ገና የታረሰ ማሳ 30 እና 22 ቢሰጥ 0.15 ገደማ ነው። ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ማካፈሉ ያለምክንያት አልገባም፤ ጥላ ባረፈበት ገደል ሁለቱም ጨረሮች አብረው ስለሚደክሙ ጥምርታቸው ብዙም አይዛባም። ለጎጃም ቁልቁለት ይህ ትልቅ ውለታ ነው።

ላንድሳት ከተባሉት የአሜሪካ ምድር ቃኝ ሳተላይቶች የመጀመሪያው የመጠቀው በ1972 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት ላለው ዘመን ተመራማሪዎች የሚመለሱት በ1957 ከአውሮፕላን ወደተነሱት ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ነው። በእነዚህ ላይ ኤንዲቪአይ አይሰላም፤ ደኑን ከእርሻው የሚለየው የሰው ዓይን ነው። ደንበጫ አካባቢ በዚህ መንገድ የተገኘው ያስደነግጣል፦ የተፈጥሮ ደኑ በ1957 ከመሬቱ 27 በመቶ ነበር፤ በ1982 ወደ 2፣ በ1995 ወደ 0.3 በመቶ ወረደ። እርሻው ደግሞ ከ39 ወደ 77 በመቶ አደገ። በዚያው በአባይ ተፋሰስ፣ በጨሞጋ ወንዝ አካባቢ ግን የዛፍ ሽፋን ከ1957 እስከ 1998 ጨመረ። ምክንያቱ ባህር ዛፍ ነው።

ኤንዲቪአይ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። የባህር ዛፍ ቅጠል በጋም አይረግፍ፤ ከወይራና ከጽድ ጋር አብሮ ከፍ ያለ ቁጥር ያስመዘግባል። መለኪያው ምን ያህል እንደለመለመ እንጂ ምን እንደለመለመ አይናገርም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን በአዊ ዞን ያለው የፋግታ ለኮማ ወረዳ ነው። እዚያ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዘር ችግኝ ይተክልና በመጀመሪያው ዓመት መካከሉ ላይ ጤፍ ይዘራል። ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ገደማ ቆይቶ ዛፉን ይቆርጥና እዚያው ከሰል ያከስለዋል፤ ቀጥሎም እንደገና ያርሳል። አንዱ ማሳ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እርሻም፣ ደንም፣ የከሰል አመድም ይሆናል። ሁለት ምስሎች ብቻ ያነጻጸረ ሰው እንደመረጠው ዓመት «ደኑ ተጨፈጨፈ» ወይም «አገሩ ለማ» ሊል ይችላል። የመሬቱ ሽፋን ተለዋወጠ እንጂ አጠቃቀሙ አንድ ነው፤ ገበሬው ከመጀመሪያው ያሰበው ይህንኑ ዙር ነበር።

ስለዚህ የሚነጻጸሩት ምስሎች ከተመሳሳይ ወር መሆን አለባቸው። ሐምሌና ነሐሴ ደመና ስለሚሸፍነው የበጋው ይመረጣል፤ ያኔ ሰብሉ ስለሚነሳ ዛፉ ብቻውን ጎልቶ ይታያል። ከ2008 ጀምሮ የላንድሳት ምስሎች በነፃ ስለሚገኙ በሁለት ዓመት ፈንታ የሠላሳ ዓመት ተከታታይ ቁጥር መደርደር ይቻላል፤ የዲከረንስ ማሳም በመጋዝ ጥርስ መስመሩ፣ ቀስ ብሎ ወጥቶ ድንገት በመውደቁ፣ ይታወቃል። ቀሪው ማሳው ዳር ቆሞ ባለቤቱን «አምና እዚህ ምን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው።